ቤትህን ያሰናዳኸው ለማን ነው?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው የጁሙዐ መልእክታችን ከቤተሰቡ ርቆ፣ አንድ ክፍል ተከራይቶ ለሚኖረው ላጤ ወንድማችን ነው።

ፍኖተ ሰላም በመምህርነት የተመደብከው፣ ቡሬ ሥራ ያገኘኸው፣ ከገጠር ወጥተህ ትንሽ ሱቅ የከፈትከው ወንድሜ፤ እስቲ ክፍልህን ዞር ብለህ እያት። አንድ ፍራሽ፣ አንድ ጄሪካን፣ አንድ የላስቲክ ወንበር፣ ልብስ የሚንጠለጠልበት ምስማር። ጓደኞችህ «ቤትህን አታሳየንም ወይ?» ሲሉህ ምን ትላለህ? «ኢንሻአላህ፣ ሳገባ!»

እኔም እንዲሁ እል ነበር። ቡሬ ተከራይቼ ስኖር ሰው እቤቴ ማስገባት አፍር ነበር። «ሶፋ ልግዛ፣ ግድግዳውን ላስቀባ፣ መጋረጃ ልስቀል፤ ከዚያ እጠራቸዋለሁ» እያልኩ ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ጊዜ ትኩሳት ጣለኝ። ሁለት ቀን ተኛሁ፤ በሬን ያንኳኳ አልነበረም። ማን ያንኳኳል? ቤቴን የሚያውቅ የለማ! በሦስተኛው ቀን አከራዬ፣ ክርስቲያን እናት ናቸው፣ በሩን ገፋ አድርገው ገቡና «ልጄ፣ ሰው የለህም እንዴ?» አሉኝ። አጥሚት አፍልተው አጠጡኝ። ትኩሳቱ ለቀቀኝ፤ ጥያቄያቸው ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። መስጂድ ውስጥ በየቀኑ ትከሻ ለትከሻ የምንቆም ሰዎች ነበሩኝ። ከእነሱ የለየኝ ያልገዛሁት ሶፋ ነበር።

ወንድሜ፣ የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ቤት አስታውስ። የተኙበት ፍራሽ የቴምር ዛፍ ጭረት የታጨቀበት ቆዳ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግራናለች። እሷ ራሷ በአንድ ወቅት ሥዕል ያለበት መጋረጃ ሰቅላ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከጉዞ ሲመለሱ አዩትና አወረዱት፤ አላህ ድንጋይና ጭቃ እንድናለብስ እንዳላዘዘንም ነገሯት። እሷም ጨርቁን ቀድዳ ሁለት ትራስ ሠራችበት፤ በዚያም አልወቀሷትም። ሐዲሱ ሙስሊም ዘግበውታል። ልብ በል! ጨርቁ ያው ነው። ተሰቅሎ ሳለ የሚታይ ነበር፤ ሲወርድ ሰው የሚደገፈው ሆነ። የቤት ዕቃ ስትገዛ ይህን ጠይቅ፦ ይህ ለመታየት ነው ወይስ ሰው ለማሳረፍ?

ይህ ማለት ቤትህ ይቆሽሽ ማለት አይደለም። አላህ ውብ ነው፣ ውበትንም ይወዳል። ፍራሽህን ፀሐይ አሙቀው። ወለሉን ጥረግ። የታጠበውንና ያልታጠበውን ልብስ ለይ። ቂብላችን ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ያለ ነውና በዚያ በኩል ያለውን ጥግ ለሶላት ልቀቀው። ቁርኣንህን ከፍ ካለ ቦታ አስቀምጠው። ፈርዱን በጀመዓ ስትሰግድ ሱናውን ለቤትህ አስቀርለት፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤቶቻችንን መቃብር እንዳናደርጋቸው አስጠንቅቀውናልና። ሶላትም ቁርኣንም የሌለበት ክፍል ቀለሙ ቢያምርም ባዶ ነው።

ላጤነትም ቢሆን የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ዐብዱላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) ወጣት ላጤ ሳለ የሚያድረው መስጂድ ውስጥ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን ዓይነት መልካም ሰው እንደሆነ አወድሰው፣ የሌሊት ሶላት ቢሰግድ መልካም እንደነበር ጠቆሙ። ከዚያ በኋላ ሌሊት የሚተኛው ጥቂት ብቻ ሆነ። «ቤት ይኑርህ» አልተባለም፤ የተነገረው ስለ ሌሊቱ ነው። አንተስ በሩ ከተዘጋ በኋላ ሌሊትህን ከማን ጋር ነው የምታሳልፈው? ከስልክህ ጋር ነው ወይስ ከጌታህ ጋር?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የላጤ ቤት ስሙ የሚጠፋው ያለ ምክንያት አይደለም። በር ክፈት ስንል ለጫት፣ ለሐሜት፣ ከማትፈቀድልህ ሴት ጋር ብቻህን ለመቀመጥ ማለታችን አይደለም። ቤትህ ሰው ገብቶ ኢማኑ ጨምሮ የሚወጣበት ይሁን።

«የማቀርበው የለኝም» አትበል። የአንድ ሰው ምግብ ለሁለት እንደሚበቃ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ምንጣፍ አንጥፍ፣ ሁለተኛ ስኒ ግዛ፣ ቆሎ ቁላ፤ አበቃ። ጎረቤትህንም አትርሳ። በእኛ አገር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ሥጋ ባይጋራ እንኳ ቡና ይጋራል። እኔን ያነሱኝ ጎረቤቴ ናቸው።

ከዳንኩ በኋላ በነበረው ጁሙዐ ሦስት ወንድሞችን ከመስጂድ ይዤ መጣሁ። ወንበሯ አንድ ስለሆነች ሁላችንም መሬት ላይ ተቀመጥን። እስከ ዐስር ተጫወትን። ግድግዳውን ቀና ብሎ ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

ወንድሜ፣ ዛሬ ከጁሙዐ ሶላት በኋላ አንድ ሰው ይዘህ ግባ። ከሰሞኑ ከሰፍ የጠፋ ላጤ ካለም ሄደህ በሩን አንኳኳ፤ ምናልባት ሦስተኛ ቀኑ ይሆናል።

አላህ ቤቶቻችንን በዚክር የሚያበራ፣ በእንግዳ የሚባርክ፣ ላላገቡትም መልካም የትዳር አጋር የሚወፍቅ ይሁን። አሚን። በነቢያችን ላይ ሰለዋት ማብዛታችንን አንርሳ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።