ሦስት ምርጫና አንድ ሰረዝ

ከሦስት ዓመት በፊት ለአንድ የግል ትምህርት ቤት የተማሪዎች መመዝገቢያ ሲስተም ሠርቼ ነበር። ከትምህርት ቤቱ የተቀበልኩት የወረቀት ቅጽ ላይ «ሃይማኖት» የሚል ባዶ መስመር ስለነበረ ብቻ፣ ለምን እንደሚጠቅም ሳልጠይቅ ወደ ኮምፒውተሩ አሻገርኩት። ባዶ መስመር ደግሞ አልወድም። ሰው አንዱን ቃል በአምስት ዓይነት ፊደል ይጽፈዋል። ስለዚህ አራት ምርጫ አስቀመጥኩ፦ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም፣ ፕሮቴስታንት፣ ካቶሊክ። ጎኑ ላይ ቀይ ኮከብ አደረግኩበት፤ ካልተሞላ አያሳልፍም።

በምዝገባው ሳምንት ሬጅስትራሯ ደወለችልኝ። «አንድ አባት መጥተው አስቸገሩኝ። ከአራቱ አንዱም አይደለሁም፣ ምን እንደሆንኩም ለእናንተ የመናገር ግዴታ የለብኝም ይላሉ። ምን ላድርግ?» አለችኝ። እኔ ሌላ የተበላሸ ነገር እያስተካከልኩ ነበር። «አንዱን ምረጪላቸውና አሳልፊያቸው፤ ማን ያየዋል?» አልኳት። መረጠችላቸው። የትኛውን እንደመረጠች እንኳን አልጠየቅኩም።

ረስቼው ነበር። ያስታወሰኝ የግብፅ መታወቂያ ታሪክ ነው።

በግብፅ መታወቂያ ላይ የሃይማኖት ቦታ አለ። መታወቂያው በእጅ በሚጻፍበት ዘመን፣ ባሃኢ የሚባለውን እምነት ለሚከተሉ ጥቂት ዜጎች አንዳንዱ ሠራተኛ «ባሃኢ»፣ አንዳንዱ «ሌላ» ብሎ ይጽፍላቸው፣ አንዳንዱም ሰረዝ ብቻ ያደርግላቸው ነበር። የማኅበረሰቡን ተቋማት ፕሬዝዳንት ናስር እ.ኤ.አ. በ1960 በአዋጅ አፍርሰዋቸዋል፤ ሰዎቹ ግን ወረቀት ነበራቸው። በ1990ዎቹ መታወቂያው ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ሲስተሙ የሚቀበለው ሦስት ምርጫ ብቻ ሆነ፦ እስልምና፣ ክርስትና፣ አይሁድ። ከዚህ ውጭ የሆነ ሰው ወይ ይዋሽ፣ ወይ መታወቂያ አይኑረው። በግብፅ ያለ መታወቂያ መኖር ደግሞ ቀላል አይደለም፤ የባንክ ሒሳብ መክፈት፣ ዩኒቨርሲቲ መግባት፣ ሥራ መቀጠር ሁሉ ይቆማል።

ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ያንን ሲስተም የጻፈው ሰው ክፉ ነበር ብዬ አላስብም። ምናልባት እንደ እኔ ባዶ መስመር የማይወድ ሰው ነበር።

ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2006 አንድ ፍርድ ቤት ባሃኢ ተብሎ ይጻፍላቸው አለ፤ በዚያው ዓመት የበላዩ ፍርድ ቤት ሻረው። በ2008 መጀመሪያ እምነታችሁ አይጻፍም፣ ግን ቦታው ላይ ሰረዝ ማድረግ ይቻላል ተባለ። በ2009 ይኸው ጸናና ሰረዝ ያለበት መታወቂያ መሰጠት ጀመረ። አንዲት ሰረዝ ለማግኘት ይህን ሁሉ ዓመት ፈጀ።

ሰረዙ ግን ለሁሉም አይደለም። ድሮም ከሦስቱ ውጭ መሆናቸውን በሰነድ ማሳየት ለሚችሉ ነው። በልቡ ለተለወጠ ሰው አይሠራም። ሙሐመድ ሄጋዚ የተባለ፣ ሙስሊም ሆኖ የተወለደ ወጣት ክርስቲያን ሆኛለሁ፣ መታወቂያዬ ይስተካከልልኝ ብሎ ከስሶ ነበር። ያው የሰረዙ ውሳኔ በተሰጠበት ወር ጥያቄው ውድቅ ሆነ። ከፍርዱ ምክንያቶች አንዱ፣ እስልምና የመጨረሻው ሃይማኖት ስለሆነ ከእሱ ወደ ቀደመው መመለስ አይቻልም የሚል ነው። በልቡ የፈለገውን ይመን፣ በወረቀት ግን መለወጥ አይችልም የሚልም ነበረበት።

ሲሰሙት ቸርነት ይመስላል። ልብህን አልነካሁም፣ ወረቀትህን ብቻ ነው የያዝኩት። ችግሩ በዚያ አገር ማንን እንደምታገባ፣ በየትኛው የቤተሰብ ሕግ እንደምትዳኝ፣ ልጅህ ትምህርት ቤት የየትኛውን ሃይማኖት ትምህርት እንደሚወስድ የሚወስነው ወረቀቱ መሆኑ ነው። ኑሮው ሁሉ ወረቀቱ ላይ ከተንጠለጠለ፣ ለልብ የተተወው ነፃነት ማሰብ ብቻ ነው። ማሰብን ደግሞ ድሮም ማንም መከልከል አይችልም፤ ያልተወሰደን ነገር መልሶ መስጠት ስጦታ አይደለም።

የሌላውን ወገን ክርክር አቃልዬ ማለፍ አልፈልግም። ሃይማኖት መቀየርን ለጥቅም የሚያውል ሰው አለ። የቤተ ክርስቲያኑ የፍቺ ሕግ ጥብቅ ስለሆነ ለመፋታት ብለው የሚሰልሙ፣ ጉዳያቸውን ሲጨርሱ የሚመለሱ ግብፃውያን አሉ። ዳኞች «በሃይማኖት መቀለድ ነው» ሲሉ የሚያዩት ይህን ነው። እውነት አላቸው፤ ግን ቀልዱን የፈጠረው ማን ነው? የፍቺን በር በሃይማኖት የቆለፈው ሕጉ ራሱ ነው። በሩ ሲዘጋ ሰው በመስኮት ይወጣል።

የበለጠ የከበደኝ የእናቴ ጥያቄ ነው። የወሎ ልጅ ነኝ፤ ቤተሰባችን ሙስሊም ነው፣ የአክስቶቼ ባሎች ውስጥ ክርስቲያንም አለ። አንድ ቀን ቡና እያፈላች የሄጋዚን ታሪክ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ሲሞት ማን ያጥበዋል? ማን ይሰግድበታል?» አለች። «ማሚ፣ ክርስቲያኖቹ ይቀብሩታል» ብላት «እሱማ ይቀብሩታል። የእናቱን ነው የምልህ» አለችኝ።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ሃይማኖት እኛ ዘንድ እድር ነው፣ መቃብር ነው፣ የኢድ ጠዋት ነው። ልጅ ሲወጣ እናት የምታጣው ነገር አለ፤ «የግል ምርጫ ነው» የሚለው ቃል ያንን ሐዘን አይሸፍነውም። ቢሆንም የእናቱ ሐዘን የእናቱ ነው። ልታለቅስ፣ ልትቆጣ፣ ልትለምነው ትችላለች። መንግሥት ሐዘኗን ተቀብሎ ሕግ ሲያደርገው ግን ነገሩ ይለወጣል። እናት በእንባ የምትይዘውን ልጅ መንግሥት የሚይዘው በመዝገብ ነው።

ከዚያም አያቴ ሁሌ በኩራት የሚተርኩት ትዝ አለኝ፤ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ከመካ ተሰደው ወደ ሐበሻ ንጉሥ መምጣታቸው። ልጅ ሆኜ የምሰማው ስለ ንጉሡ ደግነት ብቻ ነበር። ተሰዳጆቹ ግን እነማን ነበሩ? የአባቶቻቸውን ሃይማኖት የተዉ ሰዎች። የተገፉት በዚሁ ምክንያት ነው። እናቶቻቸውም ሳያለቅሱ አልቀሩም። በሃይማኖት ማስገደድ እንደሌለ የሚናገረውን የሱረቱል በቀራን 256ኛ አንቀጽ ከዚህ ታሪክ ጋር አብሬ ሳነበው፣ የምርጫ ነፃነት ለሃይማኖቱ ባዕድ ነው የሚለው አይዋጥልኝም።

በእኛ ሥራ፣ ዳታቤዝ ውስጥ ባዶ ቦታ ማለት «የለውም» ማለት አይደለም፤ «አላውቅም» ማለት ነው። ልዩነቱን ያልገባው ጀማሪ ብዙ ነገር ያበላሻል። የግብፁን ሰረዝ ያከበርኩት ለዚህ ነው፤ መንግሥት ስለ ሰው ልብ «አላውቅም» ያለበት ምልክት ስለሆነ። የልብን አንድ አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው እያልን ያደግን ሰዎች፣ ይህን «አላውቅም» ከማንም ቀድመን መናገር የነበረብን ይመስለኛል።

እኔ ራሴ ቅጽ ሲሰጡኝ «ሙስሊም» ብዬ እሞላለሁ። ውሸት አይደለም። ሶላት ከተውኩ ግን ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እናቴ አታውቅም። አንድ ቀን እመለስ ይሆናል። ከተመለስኩ የምፈልገው በራሴ እግር መመለስ ነው፤ መዝገቡ ላይ ቀድሞ ለተጻፈ ሰው ግን መመለስ የሚባል ነገር የለም፤ ሄዷል ተብሎም አይታወቅም።

ባለፈው ወር ትምህርት ቤቱ ሄጄ የሃይማኖቱን መረጃ ለምን እንደሚጠቀሙበት ጠየቅኩ። የሚያውቅ አልተገኘም። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ሪፖርት ላይ አልወጣም። ኮከቡን አነሳሁት። ሬጅስትራሯ አባትየውን እንዳልረሳቻቸው ነገረችኝ፤ እዚያው ሆና ደወለችላቸው። ትንሽ ዝም አሉና «በዚያን ጊዜ ምን ብላችሁ ነበር የሞላችሁልኝ?» ብለው ጠየቁ።

ልጅቷ ስልኩን በእጇ ሸፍና አየችኝ።