ያለ ቃል ማሰብ ይቻላልን?





በሳሪስ ሰፈራችን ጫማ እየሰፋ የሚተዳደር፥ መስማትና መናገር የተሳነው አንድ ወጣት አለ። አንድ ቅዳሜ ማታ ከሚሠራበት ስፍራ አጠገብ ቆመን ስንጫወት ከመካከላችን አንዱ «ይህ ሰው ቋንቋ የለውም፤ ታዲያ ምን ያስባል?» ሲል ጠየቀ። እኔም ሳላመነታ «ምንም» ብዬ መለስኩ። ይህች ጽሑፍ የዚያች መልስ ንስሐ ናት።

ብዙዎች ሰው የሚያስበው በቃል ነው ይላሉ። በእርግጥም ራሳችንን ብንመረምር፥ የነገውን ሥራ ስናቅድ በውስጣችን የሚያወራ ድምፅ እንሰማለን። ሳሪስ ከየአገሩ ለፋብሪካ ሥራ የመጡ ቤተሰቦች የኖሩባት ሰፈር ናት፤ በገበያ አማርኛ የሚናገሩ እናቶች ገንዘብ ሲቆጥሩ ወይም ልጃቸው ሲታመምባቸው ወደ ኦሮምኛቸው ወይም ወደ ጉራግኛቸው ሲመለሱ ሰምተናል። ቋንቋ ከአሳብ ጋር እንዲህ ተጣብቋል። ይሁን እንጂ መጣበቅ ሌላ፥ አንድ መሆን ሌላ ነው።

ስለ ሰው አፈጣጠር ቤተ ክርስቲያናችን የምታስተምረውን እናውቃለን። የአጥንት ተመራማሪዎችም የየበኩላቸውን ይናገራሉ። ክርክሩን ለሌላ ጊዜ አቆይተን ያገኙትን ብቻ እንመልከት። በ1993 ዓ.ም. በአፋር ምድር በዲኪካ፥ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ሊቅና ባልደረቦቻቸው 3.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላትን የሦስት ዓመት ሕፃን አጽም አገኙ፤ «ሰላም» ተብላም በ1999 ዓ.ም. ለዓለም ተነገረ። ከአጽሟ ጋር ምላስ የሚያያዝበት ትንሽ የጉሮሮ አጥንት ተገኝቷል። ይህ አጥንት ስስ በመሆኑ ከጥንት አጽሞች ጋር እምብዛም አይገኝም። ቅርጹም የእኛን ሳይሆን የጎሪላንና የቺምፓንዚን ይመስላል። በኦሞ ሸለቆ በኪቢሽ የተገኘው እንደ እኛ ያለ ሰው አጽም ደግሞ ዕድሜው ከ200,000 ዓመት በላይ ይገመታል። ታዲያ በዚህ ረጅም ዘመን ውስጥ የመጀመሪያው ቃል መቼ ተነገረ? ቃል አጥንት የለውምና ተቆፍሮ አይወጣም።

ጉሮሮ ብቻውን መልስ አለመስጠቱን የምናውቀው ግን ከሕያዋን ሰዎች ነው። አንጎላቸው ተጎድቶ ቋንቋቸውን ያጡ ሕሙማን ሒሳብ ሲሠሩና ቼዝ ሲጫወቱ ታይተዋል። በኒካራጓ አገር ከ50 ዓመት ገደማ በፊት በትምህርት ቤት የተሰበሰቡ መስማት የተሳናቸው ሕፃናት ማንም ሳያስተምራቸው የራሱ ሰዋስው ያለው የእጅ ቋንቋ ፈጥረዋል። በአገራችንም የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ የሚጠና ሆኗል። እንግዲህ ቋንቋ የአፍ ብቻ አይደለም፤ እጅም ይናገራል።

የዚያን ወጣት እኅት አግኝቼ ስለ እርሱ ስጠይቃት «ሌሊት ተኝቶ እጁ ይናገራል፤ ጠዋት ሕልሙን ሲነግረኝ ከሳቅ የተነሣ ቡናዬ ይፈሳል» አለችኝ። አፈርኩ። እኔ ምንም አያስብም ያልኩት ሰው ያልማል፤ ሕልሙንም አሳምሮ ይተርካል!

ሊቃውንቶቻችን የሰው ነፍስ ለባዊት፥ ነባቢት፥ ሕያዊት ናት ብለው ያስተምራሉ፤ ይኸውም የምታስብ፥ የምትናገር፥ በሕይወት የምትኖር ማለት ነው። ልብ ቃልን ይወልዳል እንጂ ቃል ልብን አይወልድም። ነባቢት የተባለችውም ነፍስ ናት እንጂ ጉሮሮ አይደለችም። ካህኑ ዘካርያስ አንደበቱ በተዘጋ ጊዜ ዘመዶቹ በምልክት ጠየቁት፤ እርሱም የልጁን ስም በሰሌዳ ላይ ጻፈ። አንደበቱ ቢታሰር ነባቢነቱ አልታሰረም።

ነገር ግን «ያለ ቃልም ይታሰባልና ቋንቋ አያስፈልግም» የሚል ቢኖር ይሳሳታል። ንጉሡ ናቡከደነፆር ሕልምን አልሞ እንቅልፍ እንደ ራቀው እናስታውስ። ቃል ያላገኘ አሳብ ብቸኛ ነው፤ ያስጨንቃል። መስማት ለተሳነው ሕፃን የምልክት ቋንቋ ሳያስተምሩ ማሳደግም በዚያ ጭንቀት ውስጥ መተው ነው። ጥፋቱ የሕፃኑ ሳይሆን የእኛ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፥ በአማርኛችን «ደንቆሮ» የምትለዋ ቃል የማይሰማውንም የማያስተውለውንም በአንድነት ትጠራለች። ሁለቱን ያጋባናቸው እኛ ነን፤ እኛው እንለያያቸው። ጆሮ ሳይጎድለን ባልንጀራችንን ማስተዋል ከተሳነን ስሙ የሚገባው ለማን ነው?

እኔ ከእኅቱ ጥቂት ምልክቶች መማር ጀምሬአለሁ። አስቀድሜ የጠየቅኋት «ይቅር በለኝ» እንዴት እንደሚባል ነው። እርሱም በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሳሳየው እጄን ይዞ ጣቶቼን አስተካከለልኝ፤ ተሳስቼ ኖሯል። ከዚያም ሳቀ።