ካሜራው ሲያይ ልባችን የት ነው?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ጋሺያ ከአንቀጽ 17 እስከ 20 ግመልን፣ ሰማይን፣ ተራራንና ምድርን እንድንመለከት ያሳስበናል። የተጠየቅነው ማየትን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደተፈጠሩ ማስተንተንን ነው። ተፈኩር የሚባለውም ይኸው ነው።

ዛሬ በየኪሳችን ካሜራ አለ። ታዲያ ይህ መሣሪያ ለተፈኩር ይረዳናል ወይስ ወደ ዝንጉነት ይወስደናል?

የካሜራ መሠረት ለሙስሊሞች እንግዳ አይደለም። ኢብኑል ሀይሠም (965–1040 እ.ኤ.አ.) ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ወደ ጨለማ ስፍራ ሲገባ የሚፈጥረውን ምስል መርምሮ ጽፏል። ምስሉን በማየት ብቻ አልረካም፤ «እንዴት?» ብሎ ጠየቀ።

እኛስ? ሊንዳ ሄንክል የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ ሰዎች በሙዚየም ውስጥ ፎቶ ያነሷቸውን ዕቃዎች የሚያስታውሱት በዓይናቸው ብቻ ከተመለከቷቸው ባነሰ ሁኔታ ሆኖ ተገኝቷል። የዕቃውን አንድ ክፍል አቅርበው ሲያነሱ ግን ትውስታቸው አልተጎዳም። ካሜራ አስተውሎ ለሚያይ ሰው እንቅፋት አይሆንም ማለት ነው።

በባሌ ተራሮች፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር በሚበልጠው የሳነቲ አምባ ላይ ጅብራ የተባለ ተክል ይበቅላል። ለብዙ ዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ ያብብና ይሞታል። ቸኩሎ ያነሳው ሰው የሚያምር ፎቶ ይዞ ይመለሳል። ቆም ብሎ ያስተዋለው ግን ለዚያ አንድ አበባ ስንት የውርጭ ሌሊት እንዳለፈ ያስባል፤ ምላሱም «ሱብሓነላህ» ይላል።

ነፍስ ያለውን ፎቶ ማንሳት ዑለሞችን ያከራከረ ጉዳይ ነው። ተራራን፣ ወንዝንና ዛፍን ማንሳት ግን በብዙኃኑ ዘንድ ችግር የለበትም። የሚቀረው የኒያ ጉዳይ ነው፤ «እዩልኝ» ለማለት ብቻ የተነሳ ፎቶ ለሪያእ በር ይከፍታል።

ስለዚህ ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ገጠር ወይም ወደ ወንዝ ዳር ሲወስዱ በመጀመሪያ ካሜራው በኪስ ይቆይ። ልጁ ያስተዋላቸውን ሦስት ነገሮች ይንገራቸው፤ ፈጣሪውን ያመስግን፤ ከዚያ አንድ ፎቶ ብቻ ያንሳ። ለፎቶ የሚመረጠው ለስላሳ ብርሃን የሚገኘውም ፀሐይ ስትወጣና ልትጠልቅ ስትል፣ ከጧትና ከማታ ዚክር ወቅት ጋር ተቀራርቦ ነው።

በሱረቱል ኢስራእ አንቀጽ 36 እንደተገለጸው ስለ መስሚያችን፣ ስለ ማያችንና ስለ ልባችን እንጠየቃለን። ካሜራው ግን በእኛ ፈንታ መልስ አይሰጥም።

አላህ አይተው ከሚያስተነትኑት ያድርገን። አሚን!