ታዲያ ለምን ያዝከው?

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ቆሜ፣ አንድ ቆሮሶ በሁለት እጄ ይዤ ፎቶ ተነሣሁ። ዓሣው ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም። ከፎቶው በኋላ ጎንበስ ብዬ ውኃው ውስጥ ለቀቅኩትና ጅራቱን አንዴ መታ አድርጎ ጠፋ። ፎቶውን ደባርቅ ለምትኖረው እህቴ በቴሌግራም ላክሁላት። እሷ ደግሞ ከጃናሞራ ለሕክምና መጥተው እሷ ቤት ለነበሩት አባታችን አሳየቻቸው።

ማታ ደወሉልኝ።

«በላችሁት?» አሉኝ፣ ሰላምታው እንዳለቀ።

«ኧረ አልበላነውም አባ፤ መልሰን ለቀቅነው።»

ዝም አሉ። ኔትወርክ የጠፋ መስሎኝ «ሄሎ» ልል ስል፣ «ታዲያ ለምን ያዝከው?» አሉኝ።

መልስ ነበረኝ። ቢያንስ ያለኝ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ግን «እንዲሁ ለመዝናናት ነው» ከማለት ሌላ ምንም አልወጣኝም። እሳቸውም «እንግዲህ» ብለው ወሬ ቀየሩ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያቺ «እንግዲህ» ከአንድ ዓመት በላይ ስለተከተለችኝ ነው።

የእኔን ወገን መጀመሪያ ላስረዳ። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ስክሪን ላይ ነኝ፤ ማታም ስልኬ ላይ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከውጭ ያስመጣውን የማጥመጃ ዘንግ ይዞ መጣና ቅዳሜ ይዞን ሄደ። ውኃ ዳር አራት ሰዓት ተቀምጬ ስልኬን አንዴም እንዳልነካሁ የገባኝ ስንመለስ መኪና ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ስምንት ሆነን ቡድን አበጀን። በወር አንዴ ወይ ላንጋኖ፣ ወይ ዝዋይ እንወጣለን። ደንብም አለን፦ የያዝነውን እንለቃለን፤ ወደ ኋላ የሚመለስ እሾህ የሌለው መንጠቆ እንጠቀማለን፤ ዓሣውን በደረቅ እጅ አንነካም፣ ቆዳው ላይ ያለው ዝልግልግ ነገር ከበሽታ ስለሚከላከለው።

በዚህ ደንብ እንኮራ ነበር። ማንንም አንገድልም፣ ሐይቁም አይጎድልበትም። ዳታቤዝ ላይ የሚሠራ ሰው ሮልባክ የሚባለውን ያውቀዋል፤ የጀመርከውን ነገር ትሰርዝና ሁሉም ምንም እንዳልተፈጠረ ወደነበረበት ይመለሳል። እኔም ዓሣ መልቀቅን እንደዚያ ነበር የማየው።

ችግሩ ዓሣ ዳታቤዝ አይደለም። ባርቶሎሚው እና ቦንሳክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ቀደም ያሉ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ ተይዘው ከተለቀቁ ዓሦች በአማካይ 18 በመቶ ያህሉ ይሞታሉ የሚል ውጤት አገኙ። እንደ ዝርያው፣ እንደ ውኃው ሙቀትና መንጠቆው እንደገባበት ቦታ በጣም ይለያያል። ከንፈሩ ላይ የተያዘ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ ውጦት ጉሮሮው ወይም ሆዱ ውስጥ የተሰካበት ብዙ ጊዜ አይተርፍም። እኛ ግን ፎቶ አንሥተን ጅራቱን መታ ሲያደርግ ካየን «ሄደ!» ብለን እናጨበጭባለን። ከዚያ በኋላ ያለውን አናይም።

የሞተው ሞተ እንበል። የተረፈውስ? ሕመም ይሰማዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ሳይንቲስቶችን ራሳቸውን ለሁለት ከፍሏቸዋል። በ2003 እ.ኤ.አ. ሊን ስኔደንና ባልደረቦቿ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ከንፈር በንብ መርዝና በአሲድ ወግተው ተከታተሉ። የተወጉት ዓሦች ለሰዓታት ምግብ አልነኩም። አሲድ የተወጉት ከንፈራቸውን ጠጠር ላይ ያሹ ነበር። የሕመም ማስታገሻ የሆነው ሞርፊን ሲሰጣቸው ደግሞ እንዲህ ያለው ጠባይ ቀነሰ። በሌላ በኩል ብሪያን ኪ የተባለ የአእምሮ ተመራማሪ በ2016 እ.ኤ.አ. ዓሣ ሰው ሕመምን የሚያውቅበት የአንጎል ክፍል ስለሌለው ሕመም አይሰማውም ብሎ ተከራከረ። ብዙዎች መለሱለት፤ ክርክሩ አልተዘጋም።

እኔ ልዳኛቸው አልችልም። ግን እርግጠኛ ባልሆንኩበት ነገር ላይ ምን አደርጋለሁ የሚለው የእኔ ጥያቄ ነው። መጋረጃ ጀርባ ሰው ይኑር አይኑር ሳያውቅ ለጨዋታ ድንጋይ የሚወረውር የለም። ጀርመን ውስጥ ሕጉ እንስሳን ያለ በቂ ምክንያት ማሳመም ይከለክላል። በዚህም የተነሣ ሊለቅ አስቦ ለመዝናናት ብቻ የሚያጠምድ ሰው ሕግ እየጣሰ ነው ተብሎ ሊከሰስ ይችላል። ስዊዘርላንድም ለመልቀቅ ብሎ ማጥመድን ከልክላለች። ሕጉ የሚለው በአጭሩ የአባቴን ቃል ነው፦ ልትበላው ካልሆነ ለምን ያዝከው?

ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። እኔ የሠለጠነው ደንብ የኔ፣ ኋላ ቀሩ ጥያቄ የሳቸው መስሎኝ ነበር።

አባቴን ግን ቅዱስ ላደርጋቸው አልፈልግም። ያደግሁባት ጃናሞራ ከሰሜን ተራሮች ጀርባ ናት፤ ውኃዋ ቆላውን አቆራርጦ ተከዜ ይገባል። አባቴ ልጅ ሆነው ቆላ ከብት ሲያግዱ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር የብርብራ ፍሬ ወቅጠው የተኛ ውኃ ላይ ይበትኑ ነበር። የብርብራ ዱቄት ዓሣውን ያሰክረዋል። ትልቁም ትንሹም ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። «የሚበላውን እንለቅምና የቀረውን ውኃ ይወስደዋል» ብለው ነግረውኛል፣ ምንም ሳይመስላቸው። ስለዚህ የእኛ አባቶች ከተፈጥሮ ጋር ተስማምተው ይኖሩ ነበር የሚለውን ተረት አልገዛም። ረሃብና ልጅነት አንድ ላይ ሲሆኑ ብርብራ ይወቀጣል።

ስለ ረሃብ ካነሣሁ አይቀር፣ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ጃናሞራን ሲመታ ዜናውን ያነበብኩት አዲስ አበባ ቢሮ ቁጭ ብዬ ነው። ብር ላክሁ፤ ሌላ ያደረግሁት የለም። ቡድናችን ዓሣ እየያዘ መልቀቅ የጀመረውም ብዙም ሳይቆይ ነው። ሁለቱን አገናኝቼ አላውቅም ነበር። አባቴ ግን ፎቶውን ሲያዩ ያገናኙት ይመስለኛል። ምግብን ይዞ፣ ፎቶ አንሥቶ መጣል ለሳቸው ጨዋታ አይመስላቸውም።

ሌላም የሚያሳፍር ነገር አለ። ጣና ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል በተሠራ ታንኳ ዓሣ እያጠመዱ ለዘመናት ኖረዋል። ለዚህ ውለታቸው ከጎረቤት ያተረፉት ንቀትና መገለል ነው። ዓሣ አጥምዶ መብላት የወራዳ ሥራ ተደርጎ ሲታይ ኖሮ፣ እኔ በውድ ዘንግ አጥምጄ ሳልበላ ስለቅ ግን «ላይክ» ይጎርፍልኛል። ለመኖር የሚያጠምደው ተናቀ፤ ለመጫወት የሚያጠምደው ተደነቀ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሐሳብ ነው። ሐሳብ ብቻውን ደግሞ ሰውን አይለውጥም፤ እኔን አልለወጠኝም። ነሐሴ ሲመጣ ዘንጌን ይዤ ባሕር ዳር ወረድኩ።

ፈረንጆች «የበጋ ዓሣ ማጥመድ» የሚሉት በእረፍት ወራቸው፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው። የምናያቸው ቪዲዮዎች ሁሉ በዚያ ወቅት የተቀረጹ ናቸው፤ ፀሐይ፣ ቁምጣ፣ ጀልባ። እኛም የዓመት ፈቃዳችንን እንደነሱ በነሐሴ ወሰድን። የእነሱ በጋ ግን የእኛ ክረምት ነው። ጣና ላይ ክረምት ምን ማለት እንደሆነ አስቀድሜ ባነብ ኖሮ አልሄድም ነበር።

ጣና ውስጥ ላቢዮባርበስ የሚባሉ፣ እዚያ ነጭ ዓሣ የሚሏቸው 17 ገደማ ዝርያዎች አሉ። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ስለለያቸው፣ በሐይቁ ውስጥ ብቻቸውን ተለዋውጠው የተፈጠሩ ናቸው፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር ዓለም ላይ የትም የሉም። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በመሳሰሉት ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጠጠር ባለበት፣ ንጹሕ ውኃ በፍጥነት በሚፈስበት ቦታ ነው። ወደዚያ ለመድረስ ደግሞ ሁሉም በወንዙ አፍ በኩል ማለፍ አለባቸው። መረብ የያዘም፣ ብርብራ የያዘም ይህን ያውቃል። ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ብቻ፣ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት የነዚህ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ እንደቀነሰ ተመራማሪዎች መዝግበዋል።

ፍልሰታም የሚገባው ነሐሴ 1 ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ ልተወውና፣ ብዙ ከተሜ እንደሚበላ ግን በጾም ወቅት ምግብ ቤት የገባ ሁሉ ያውቃል። ከሥጋ የምንታቀብበት ሳምንትና ዓሣው ለመራባት የሚወጣበት ሳምንት አንድ ላይ ይገጥማሉ።

ጀልባ የያዘልን ልጅ «ትልልቅ ከፈለጋችሁ አሁን ጉማራ አፍ ላይ ነው ያሉት» አለን። ሄድን። ሁለተኛው ውርወራዬ ላይ ክሩ ተወጠረ። እስከዛሬ ከያዝኩት ሁሉ የሚበልጥ ነጭ ዓሣ ነበር። በደንባችን መሠረት እጄን አርጥቤ ሆዷ ሥር ያዝኳት። ፎቶ የሚያነሣው ጓደኛዬ «ቀና በል» ሲለኝ፣ እጄ ላይ የሆነ ነገር ፈሰሰ። እንቁላል ነው። ቢጫ፣ እንደ ጤፍ ቅንጣት ያለ፣ ከጣቶቼ መሐል ጀልባው ወለል ላይ ይንጠባጠባል። መልሼ ለቀቅኋት። ጅራቷን መታ አድርጋ ሄደች። ማንም አላጨበጨበም።

ከባሕር ዳር በጎንደር፣ በዳባት አድርጌ ደባርቅ ገባሁ። አባቴ እህቴ ቤት ነበሩ። ማታ ብርድ ስለነበር ምድጃ ዳር ተቀምጠን ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተቆጡም፤ እሳቱን እየቆሰቆሱ ትንሽ ቆዩ።

«ያን የድርቁን ዓመት» አሉ፣ «እናትህ ጎታውን ጠርጋ ስትጨርስ የቀረው ዘሩ ነበር። ለብቻው በስልቻ ተቋጥሮ። ልጆቹ ሲያለቅሱ ስልቻውን ታየዋለች፤ እኔም አየዋለሁ። አንነካካም። በመጨረሻ ነው የፈታነው፤ የፈታን ለታ ሁለታችንም አልበላንም።»

ከዚያ ወደኔ ዞር ብለው፣ «አንተ ጠግበህ ዘር ፈታህ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ዓሣ ሕመም ያለው ክርክር ባይፈታም፣ ለእኔ የሚቀድመው ጥያቄ ሌላ ሆነ። ይህን ድርጊት ምን ያህል ምክንያት ይሸከመዋል? የተራበ ሰው ዘር ሲፈታ ምክንያት አለው፤ እሱም ቢሆን እያለቀሰ ነው። የእኔ ምክንያት ቀላል ነበር፤ መዝናናት፣ አንድ ፎቶ። በቀላል ምክንያት ከባድ ነገር ስነካ እጄ መንቀጥቀጥ ነበረበት። አልተንቀጠቀጠም፤ «መልሼ እለቃለሁ» የሚለው ደንብ አስቀድሞ ነጻ አውጥቶኝ ነበር።

ቡድኑ ውስጥ ይህን ሳነሣ አንዱ ጓደኛዬ የተናገረው ትክክል ነው፦ «ጣናን ያራቆተው መረብ እንጂ የአንተ አንዲት መንጠቆ አይደለችም። የወንዙን አሸዋ የሚዝቀው፣ ውኃውን ለመስኖ የሚጠልፈው እያለ አንተ ራስህን ትወቅሳለህ?» እውነቱን ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቶ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ በየወንዙ አፍ ሌሊት የሚቆም ግን አዋጅ አይደለም፣ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ልጆቹን የሚያበላው ከዚያው መረብ ነው። እሱን «ተው» ለማለት የሚቻለው ሌላ እንጀራ ሲኖረው ነው። እኔ ግን ሌላ እንጀራ አለኝ። የእኔ ድርሻ ትንሽ መሆኑ፣ ለማቆም የሚቀለኝ ሰው መሆኔን ነው የሚያሳየኝ።

ማጥመድ አልተውኩም፤ ልዋሽ አልችልም። ክሩ ሲወጠር ደረቴ ውስጥ የሚሰማኝን ነገር እወደዋለሁ። ለምን እንደምወደው ገና በደንብ አልገባኝም፤ ምናልባት የሚያሳፍር ነገር ሊሆን ይችላል። ግን ደንቤን ቀይሬአለሁ። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ዘንጌ በሩ ጀርባ ቆሞ ይከርማል። በሌላው ጊዜ የምይዘው የምበላውን ነው፤ ለራት የሚበቃኝን ከያዝኩ ክሬን ጠቅልዬ ውኃውን እያየሁ እቀመጣለሁ። የሚገርመው፣ ስልኬን የሚያስረሳኝ ያ መቀመጥ ነው፤ መንጠቆው አልነበረም። ከስምንታችን ሦስታችን በዚህ ተስማማን። የቀሩት እንደ በፊቱ ናቸው፤ አብረን እንሄዳለን፣ መኪና ውስጥ እንከራከራለን።

ኅዳር ላይ ከዝዋይ ሁለት ቆሮሶ ይዤ ቤቴ ጠበስኩና ለአባቴ ደወልኩ።

«ዛሬስ?» አሉኝ።

«በላነው» አልኳቸው።

«እሾሁን ተጠንቀቅ፤ ዓሣ መብላት በብልሃት ነው» አሉና ስለ ማሽላው ይነግሩኝ ጀመር።