ስለ ዝግታ

ከጐንደር ደጋ ወርዶ በገንዳ ውሃ በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ በሚዘልቀው መንገድ ተሳፋሪ ሾፌሩን «ዝግ በል» ይለዋል፤ እናትም ወደ ቈላ ለሥራ የሚወርደውን ልጅዋን «ቀስ ብለህ ሂድ» ብላ ትሸኘዋለች። ሁለቱም አትሂድ አላሉም። ዝግታ ፍጥነትን መቀነስ ነው እንጂ መንገድን መተው አይደለምና። የዘገየ ሰው ጊዜው ያለፈበት ነው፤ የሚያዘግም ጕልበቱ የከዳው ነው፤ ሰነፍም ፈቃዱ የተኛበት ነው። ዝግ ያለ ሰው ግን መፍጠን ሲቻለው ስለ ሌላው ብሎ እግሩን የገታ ነው።

መዘግየትም ቢሆን የሚመሰገንበት ቦታ አለው፤ ሐዋርያው ያዕቆብ ለመናገርና ለቍጣ የሚዘገይ ሰው ይፈልጋል። የግእዙ ዳዊት ደግሞ እግዚአብሔርን «ርኁቀ መዓት» ይለዋል፤ ከቍጣ የራቀ ማለት ነው። በሐዋርያው ዘንድ በጊዜ የተለካው በዳዊት ዘንድ በርቀት ተለካ። ቍጣው ከሩቅ አገር እንደሚነሣ መንገደኛ ነው፤ እስኪደርስ ድረስ ለእኛ የንስሐ ዕድሜ ተሰጠን።

ነገር ግን ዝግታ ሁሉ መልካም ነው አንልም። በዚያው ቈላ ሰሊጡ ደርሶ ሳለ ቀስ የሚል ገበሬ ቆባው ይከፈትና ዘሩ መሬት ላይ ይረግፍበታል። ዕጣኑ ግን ሌላ ጠባይ አለው። በቤተ መቅደስ የምናጥነው ዕጣን ከሚገኝባቸው አገሮች አንዱ ይህ የመተማ በረሃ ነው። ዝናቡ አብቅቶ ዛፉ ቅጠሉን ሲያራግፍ ሠራተኛው ቅርፊቱን በጥቂቱ ይፍቀዋል፤ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ወጥቶ በነፋስ ይደርቃል። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ይመለስና ያንኑ ቍስል ያድሰዋል። የመጀመሪያው ፍቅፋቂ የሚሰጠው ጥቂት ነው፤ ዋናው ዕጣን የሚገኘው በኋላ ነው። ዛፉ በዚያ ወራት ቅጠል ስለሌለው የሚሰጠን አስቀድሞ ካጠራቀመው ነው። ችኩል ሰው ግን አንዱን ግንድ በብዙ ቦታ ያቆስላል፥ በየዓመቱም ሳያሳርፍ ይመለስበታል። የመተማን ደን ያጠኑ ሰዎች ትልልቆቹን ዛፎች እንጂ ከቡቃያነት አልፎ ያደገ ወጣት ዛፍ አላገኙም፤ እሳትና ከብት ቡቃያውን ያጠፉታል። ስለዚህ በችኰላ የደረቀ ዛፍ ምትክ የለውም፤ የልጅ ልጆቻችን ጽና ምን ይዞ እንደሚቀርብ እናስብ።

ካህናት ወንድሞቼ ሆይ፤ ይህን ዕጣን ጨምረን ቅዳሴውን መሽቶበት እንደሚሮጥ ነጋዴ የምናጣድፍ እኛ ነን። ማሕሌታችን እንኳ የተሠራው እንዲህ አይደለም፤ በመቋሚያ ዝማሜ ቀስ ብሎ ይሄዳል፥ ከበሮው በመረግድ ይገባል፥ የሚፈጥነው ጽፋት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረደ ጐልማሳ ሥራው ሲያበቃ ወደ ንስሐ አባት ቢመጣ፥ የመጀመሪያው ቃሉ እንደ ዛፉ የመጀመሪያ ፍቅፋቂ ጥቂት ነው። ካህኑ በዚያ ብቻ ቀኖና ሰጥቶ አያሰናብተው፤ ተመለስ ይበለው፥ ሁለተኛውንም ቃል ይጠብቅ።