ስለ ባለዕዳው አምላክ

ሰው ለሰው የሚሰጠው ስጦታ አንዱ ካለው ከፍሎ የሌላውን ጕድለት የሚሞላበት ስለ ሆነ፥ ለመስጠት ምክንያት የሚሆነው የተቀባዩ ማጣት ነው። እንግዲህ ሰማይና ምድር የእርሱ የሆኑ፥ ባሕርዩም ፍጹም ምሉዕ የሆነ አምላክ ወርቅ ወይም ወተት ወይም አበባ ከሰው እጅ በሚቀርብለት ጊዜ የሚቀበለው ምን እንደ ሆነ፥ የሚያቀርበውም ሰው በእውነት ሰጠ ሊባል ይቻል እንደ ሆነ መጠየቅ ግድ ይሆናል። አይቀበልም ብንል መሥዋዕትና ስእለት ሁሉ ከንቱ ድካም ሆኖ ይቀራል፤ ይቀበላል ብንል ደግሞ አምላክን ችግረኛ፥ ሃይማኖትንም ንግድ ያደረግን ይመስላል። በደቡብ ሕንድ፥ በአንድራ ፕራዴሽ ክፍለ ሀገር፥ ከቲሩፓቲ ከተማ በላይ ወደ ቆመው ወደ ቲሩማላ ተራራ የሚሰግደው የሂንዱ ሕዝብ ከዚህ አጣብቂኝ አልሸሸም፤ አምላኩ ባለዕዳ እንደ ሆነ በግልጥ ይናገራል፥ ዕዳውንም ከእርሱ ጋር ለመክፈል በየዕለቱ በብዙ አሥር ሺህ እየተቈጠረ ወደ ተራራው ይወጣል።

ስፍራው ሰባት ኮረብቶች ተያይዘው የቆሙበት፥ ከባሕር ወለል በላይ 850 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ነው። በትውፊቱ መሠረት ሰባቱ ኮረብቶች፥ ከሦስቱ የሂንዱ ታላላቅ አማልክት አንዱ የሆነው ቪሽኑ በጥንተ ባሕር ላይ የሚያርፍበት የታላቁ ዘንዶ የሼሻ ሰባት ራሶች ናቸውና፥ ተራራው ራሱ ከመቅደሱ ያላነሰ ክብር አለው። ስመ ጥር የሆነው የደቡብ ሕንድ መምህር ራማኑጃ ወደዚህ በመጣ ጊዜ የተቀደሰውን ምድር በእግሩ መርገጥ ፈርቶ በጕልበቱ እየዳኸ እንደ ወጣ ይነገራል፤ ዛሬም ከአሊፒሪ በር ተነሥተው 3550 ያህል ደረጃዎችን ከሚወጡት ተሳላሚዎች መካከል፥ የመንገዱን የመጨረሻ አቀበት በጕልበታቸው የሚፈጽሙ፥ በእያንዳንዱም ደረጃ ላይ እርድና ቀይ ዱቄት እየቀቡ የሚያልፉ አሉ። ሊያገኙት የሚወጡት ቬንካቴሽዋራ፥ በሌላ ስሙም ስሪኒቫሳ የተባለውን የቪሽኑን መልክ ነው፤ ይህ አምላክ በዚህ ተራራ ላይ ስለ መገኘቱ የሚተረከው ታሪክ ግን በዙፋንና በክብር አይጀምርም፤ በእርግጫ ይጀምራል።

በጋንጅስ ወንዝ ዳር መሥዋዕት ያዘጋጁ ጠቢባን፥ የመሥዋዕታቸው ፍሬ ከሦስቱ ታላላቅ አማልክት ለማንኛው ሊቀርብ እንደሚገባ ለማወቅ፥ ብሪጉ የተባለውን ባሕታዊ ሦስቱንም ፈትኖ እንዲመጣ ላኩት። ብሪጉም ብራህማና ሺቫ ከቁም ነገር ሳይቈጥሩት ስለ ቀሩ ተቈጥቶ ወደ ቪሽኑ በመጣ ጊዜ፥ እርሱንም ተኝቶ አገኘውና ደረቱን በእግሩ ረገጠው። ቪሽኑ ግን ተነሥቶ የረገጠውን እግር በእጁ እያሻሸ፥ አሞህ እንደ ሆነ ብሎ ጠየቀው፤ ባሕታዊውም በትዕግሥቱ ተሸንፎ መሥዋዕቱ ለእርሱ እንደሚገባ መሰከረ። ሆኖም በቪሽኑ ደረት ላይ የምትኖረው ሚስቱ ላክሽሚ፥ የብልጽግና እመቤት፥ ማደሪያዋ ተረግጦ ሳለ ረጋጩ በክብር መሸኘቱን መታገሥ ስላልቻለች ትታው ወደ ምድር ወረደች። ይህን ትረካ ያቆዩ ሰዎች የአምላክን ድህነት ከየት እንዳመጡት ማስተዋል ይገባል፤ ሀብቱን ያጣው የበደለውን ስለ ታገሠ ነውና፥ የማጣቱ ምንጭ የምሕረቱ ብዛት ነው።

ላክሽሚን ፍለጋ የወረደው ቪሽኑ በሮቃ ዛፍ ሥር በነበረ ኩይሳ ውስጥ ገብቶ ሳይበላና ሳይጠጣ ተቀመጠ። የአገሩ ንጉሥ ላም በየዕለቱ ከመንጋው ተለይታ ወተቷን በኩይሳው ላይ ስታፈስ ያያት እረኛ ሊመታት መጥረቢያውን ቢወረውር፥ ምቱን ሊመልስላት የወጣው አምላክ ራሱ ላይ ቈሰለ። ከቍስሉም የተነሣ ጠጕር የማይበቅልበት ስፍራ ስለ ቀረበት፥ ኒላ ዴቪ የተባለች የሰማያውያን ዘማርያን ልዕልት ከራሷ ጠጕር ቈርጣ ተከለችለት፤ እርሱም በዚህ ተራራ የሚቀርብለት ጠጕር ሁሉ የእርሷ እንዲሆን ቃል ገባላት፤ ከሰባቱ ኮረብቶችም አንዱ በስሟ ኒላድሪ ተባለ። ማደሪያ እንኳ ስላልነበረው የተራራው ባለቤት ከሆነው ከቫራሃ ቦታ ለመነ፤ የሚከፍለውም ስላልነበረው፥ ወደ እርሱ የሚመጣ ተሳላሚ ሁሉ አስቀድሞ ቫራሃን እንዲሳለም በኪራይ ፈንታ ተዋዋለ። ይህ ሥርዓት እስከ ዛሬ አልተሻረም።

ከዚህ በኋላ ስሪኒቫሳ የንጉሡን የአካሻ ራጃን ልጅ ፓድማቫቲን አይቶ ወደዳት፤ እንደ እናት ታሳድረው የነበረችው ቫኩላ ዴቪም ወደ ንጉሡ ሄዳ ሽምግልናውን ጨረሰች። ነገር ግን ብልጽግና ትታው የሄደችው ሙሽራ ለሠርጉ የሚያወጣው ገንዘብ ስላልነበረው፥ የአማልክት በጅሮንድ ከሆነው ከኩቤራ እጅግ ብዙ ወርቅ ተበደረ፤ ብራህማና ሺቫም እማኝ ሆነው ውል ተጻፈ። የውሉ ቃል፥ ዘመነ ካሊ እስኪፈጸም ድረስ ወለዱ እየተከፈለ እንዲኖር፥ ዋናውም በዘመኑ ፍጻሜ እንዲመለስ ነበር፤ ዘመነ ካሊ ደግሞ በሂንዱዎች ሐሳበ ዘመን 432,000 ዓመት ርዝመት ያለው ነው። በቲሩፓቲ ከተማ ባለው መቅደስ ውስጥ ተኝቶ የሚታየው ጎቪንዳራጃም፥ የወንድሙን የብድር ገንዘብ ሲሰፍር ደክሞት መስፈሪያውን ተንተርሶ የተኛ እንደ ሆነ ሕዝቡ ይተርካል።

እንግዲህ ተሳላሚው ወደ ቅድስተ ቅዱሳኑ ቀርቦ የጥቍሩን ምስል ገጽ ለጥቂት ቅጽበት ካየ በኋላ ሁንዲ ወደ ተባለው ታላቅ የስእለት ማኖሪያ ሄዶ ሳንቲሙን ወይም የአንገቱን ወርቅ ሲጥል፥ በልቡ ያለው አሳብ የአምላኩን ወለድ ማገዝ ነው። ገንዘብ የሌለው ጠጕሩን ይሰጣል፤ ገንዘብ ያለውም እንዲሁ ይሰጣል። በመላጫው አዳራሽ ውስጥ ባለጸጋውና የቀን ሠራተኛው፥ አያትና የልጅ ልጅ፥ ጠጕሯን ከሕፃንነቷ ጀምራ ያሳደገች ሴትም ጐን ለጐን ተቀምጠው ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ከምላጩ በኋላ ማን ማን እንደ ነበረ በራሱ ቅርጽ የሚለይ የለም። መልክ የሚኰራበትን ነገር አስወግዶ በአምላክ ፊት መቆም ማለት ይህ ነው፤ እርሱም አስቀድሞ በራሱ ላይ ጠባሳ ተሸክሞ ቆሟልና፥ የቀረበው ጠጕር የቍስሉ መታሰቢያ ይሆናል።

ነገር ግን በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። ስእለተኛው ልጄ ከዳነ፥ ንግዴ ከቀና፥ ይህን ያህል አገባለሁ ይላል፤ ሲሳካለት ይከፍላል። ይህ ከገበያ ውል በምን ይለያል? ታሪኩም ለተቃዋሚው ምስክር የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ የቪጃያናጋራው ንጉሥ ክሪሽናዴቫራያ ከ1513 እስከ 1521 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ሰባት ጊዜ ወጥቶ ብዙ ወርቅና ዕንቍ አግብቷል፥ የእርሱና የሁለቱ ንግሥቶች ሐውልትም በመቅደሱ ውስጥ እጅ ነሥቶ ይታያል። ከእርሱ ዘመን በኋላም የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ከ1801 እስከ 1843 ዓ.ም. የመቅደሱን ገቢ በእጁ አድርጎ ያስተዳድር ነበር፤ የተሳላሚው እንባና ስእለት በነጋዴዎች መዝገብ ላይ ገቢ ተብሎ ተጻፈ። ኩባንያው ከተወው በኋላ የሃቲራምጂ ገዳም አለቆች እስከ 1933 ዓ.ም. ጠበቁት፤ ከዚያም በሕግ የተቋቋመ ጉባኤ ተረከበው። ከዚህ ገንዘብ ዛሬ የተራበ ተሳላሚ ያለ ዋጋ ይመገባል፥ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤትም ይረዳል፤ ሆኖም የገንዘቡ በጎ ሥራ ላይ መዋል የሰጪውን ልብ አያጠራውምና፥ ተቃውሞው በዚህ ብቻ አይፈታም።

መልሱን ያገኘሁት ትውፊቱ ራሱ ባስቀመጠው በሌላ ታሪክ ነው። መቅደሱን እንዳሠራ የሚነገርለት ንጉሥ ቶንዳማን በየዕለቱ ከወርቅ የተሠራ አበባ በአምላኩ እግር ሥር ያኖር ነበር፤ አንድ ቀን ግን በወርቁ አበባ ላይ የጭቃ አበባ ተደርቦ አገኘና ተገረመ። ቢያስመረምር፥ ቢማ የተባለ ድኻ ሸክላ ሠሪ ወደ መቅደሱ የሚወጣበት ጊዜ ስላልነበረው፥ በእጁ ላይ ከቀረው ጭቃ አበባ እየሠራ በቤቱ ባለ የእንጨት ምስል ፊት የሚያኖር ሆኖ ተገኘ፤ ያ ጭቃ ነበር ተራራውን ወጥቶ ከወርቁ በላይ የተቀመጠው። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ ለአምላኩ የሚቀርበው የእርጎ ሩዝ በየዕለቱ በአዲስ የሸክላ ገል ይገባለታል፤ የቀረው የወርቅና የብር ዕቃ ሁሉ ባለበት መቅደስ፥ የውስጠኛውን ደፍ አልፎ የሚገባው የድኻው ሸክላ ነው። ያም ደፍ ራሱ በኩላሼካራ ስም ይጠራል፤ እርሱ ንጉሥ ሳለ በአምላኩ ደጅ የሚረገጥ ደፍ መሆንን ከዘውዱ አስበልጦ የተመኘ ቅዱስ ነበርና።

ከዚህም የረቀቀ ፈተና የአናንታልዋር ታሪክ ነው። የራማኑጃ ደቀ መዝሙር የነበረው ይህ ሰው ለአምላኩ የአበባ ቦታ ሊያለማ ወደ ተራራው ወጥቶ ኩሬ ሲቈፍር፥ ነፍሰ ጡር ሚስቱ አፈሩን ትሸከምለት ነበር፤ አንድ ልጅም ላግዝ ብሎ ቢመጣ፥ አናንታልዋር አገልግሎቱን ከማንም ጋር ላለመካፈል ወሰነ። ልጁ ግን ሴቲቱን ተሰውሮ ሲያግዛት ስላገኘው ተቈጥቶ ድጅኖውን ወረወረበት፥ አገጩንም መታው። ወደ መቅደሱ ገብቶ ቢያይ ደም የሚፈሰው ከአምላኩ አገጭ ነበር፤ ዛሬም በምስሉ አገጭ ላይ ነጭ ካምፎር ይቀባል፥ ድጅኖውም በመቅደሱ በር ላይ ተሰቅሎ ይታያል። አናንታልዋር የበደለው ስስታም ስለ ነበረ አልነበረም፤ ሰጪ እኔ ብቻ ልሁን፥ አምላክም ተቀባይ ብቻ ይሁን ስላለ ነው። በምግባር የተመካ ሰው አምላኩን የሚያቈስለው በሚሰጥበት በዚያው መሣሪያ ነው።

የራማኑጃ ተከታዮች የሆኑት ሊቃውንት በኋላ ዘመን በሁለት ወገን ተከፍለው ስለ ጸጋና ስለ ምግባር የተከራከሩትም በዚሁ ነገር ነው። የሰሜኑ ወገን ሰው እንደ ዝንጀሮ ግልገል እናቱን በገዛ እጁ ጨብጦ ሊይዝ ይገባዋል ሲል፥ የደቡቡ ወገን ደግሞ ድመት ግልገሏን በአንገቱ አንሥታ እንደምትወስድ አምላክ ራሱ ሰውን ይሸከማል ይላል። ሁለቱም የሚስማሙበት አንድ ነገር ግን አለ፤ ይኸውም መዳን በመማፀን እንጂ በመክፈል የማይገኝ መሆኑ ነው። ሰው ራሱን አሳልፎ ከሰጠ በኋላ የሚያገባው ወርቅም ሆነ ጠጕር የመማፀኑ ምልክት እንጂ ዋጋው አይደለም።

እነዚህን ታሪኮች በአንድነት ስንመለከታቸው የውሉ ቃል ራሱ የሚያስተምረው ነገር ይገለጣል። አበዳሪው ኩቤራ ነው፤ ባለዕዳው አምላክ ነው፤ ተሳላሚው ግን በዚያ ውል ውስጥ በአበዳሪነት አልተጻፈም። የሚያገባው ሳንቲም አምላክን ለእርሱ ባለዕዳ አያደርገውም፤ እርሱንም ከአምላኩ ጋር በአንድ ወገን፥ በባለዕዳው ወገን ያቆመዋል እንጂ። የሰጠሁህን ቈጥረህ መልስልኝ የሚል ሰው ሳያውቀው ወደ ኩቤራ ወገን ተሻግሯል፤ ንጉሥ ቶንዳማን በወርቁ ሊመካ ሲል የተያዘውም፥ አናንታልዋር በድካሙ ሊመካ ሲል ያቈሰለውም ከዚህ የተነሣ ነው። ወለዱም በአንድ ሰው ዕድሜ ወይም በአንድ መንግሥት ዘመን እንዳያልቅ ሆኖ መወሰኑ ጥበብ አለበት፤ ከፍዬ ጨረስኩ፥ ከእንግዲህ በአምላኬ ዘንድ የሚፈለግብኝ የለም ብሎ ከተራራው የሚወርድ ሰው እንዳይኖር ነውና።

ስለዚህ ምሉዕ የሆነ አምላክ ከሰው ምን ይቀበላል ለሚለው ጥያቄ የቲሩማላ ትውፊት የሚመልሰው፥ አምላክ ስለ ምሕረቱ ማጣትን መረጠ፥ ሰውም ይህን ማጣት ከእርሱ ጋር እንዲካፈል ጠራው የሚል ነው። እኔም የዚህ መቅደስ ልጅ ባልሆንም ይህን መልስ የማከብረው የስጦታን ነገር ከሁለቱ ክፉ ጫፎች፥ ከከንቱነትና ከንግድ፥ በአንድ ጊዜ ስለሚያድነው ነው። ከተሳላሚዎቹም መካከል ስለ ልጁ ጤና ወይም ስለ እርሻው በረከት እየለመነ የሚወጣ ብዙ ነው፤ ይህን ልመና አናቃልለው፥ የተቸገረ ሰው ወደ አምላኩ መሄዱ ተፈጥሮው ነው። ልመናው የሚነቀፈው አምላክን ወደ ሒሳብ መዝገብ የጠራው እንደ ሆነ ብቻ ነው፤ የለመነው ባይሳካለትም እንኳ ያገባውን ሳይጸጸትበት፥ የተላጨውንም ራሱን ሳያፍርበት ከተራራው የሚወርድ ሰው ግን በእውነት ሰጥቷል።