ሙሉ ልብስ በሞቃት አገር፦ አክብሮትና ዋጋው

ኮት፣ ሱሪና ከረባት ያለው ሙሉ ልብስ አሁን የሚታወቅበትን መልክ የያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በብሪታንያ ነው። ለብርዳማ አገር የተሰፋው ይህ ልብስ ከቅኝ ገዢዎች፣ ከነጋዴዎችና ከዲፕሎማቶች ጋር ዓለምን አዳርሶ፣ ሙቀቱ 35 ዲግሪ በሚያልፍባቸው ከተሞች ሳይቀር የሹምና የባንክ ሠራተኛ መለያ ሆነ። በአዲስ አበባ ከፍታ ኮት ጠዋትና ማታ ይፈለጋል። በጋምቤላ ወይም በሰመራ ግን ለሰውነት የሚሰጠው ጥቅም የለም፤ የሚለበሰው ለተመልካች ዓይን ብቻ ነው። ታዲያ ሰው ለሌላው ያለውን አክብሮት ለማሳየት ሲል ሰውነቱን ማስጨነቅ ይገባዋል?

ሙሉ ልብስን የሚደግፉ ሰዎች ሐሳብ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። አክብሮት በልብ ቢኖርም በምልክት ካልተገለጠ ለሚከበረው ሰው አይደርሰውም። ምልክቱ ጥቂት ድካም ሲኖርበት ደግሞ ይበልጥ ይታመናል። ከድሃ ቤት የወጣ ሥራ ፈላጊም ቢሆን አንድ ደህና ኮት ካገኘ ከባለጸጋው ልጅ እኩል ሊቀርብ ይችላል።

ችግሩ ድካሙ በለባሹ ላይ ብቻ አለመቅረቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ክሎ የተባለ የልብስ ሙቀት መለኪያ አወጡ። አንድ ክሎ ማለት 21 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ አርፎ የተቀመጠ ሰው ሳይበርደውም ሳይሞቀውም የሚቆይበት ልብስ ነው፤ የተለመደው ሙሉ ልብስም ወደዚሁ ይጠጋል። ስስ ሱሪና እጀ ጉርድ ሸሚዝ የዚህን ግማሽ ያህል ናቸው። ስለዚህ በሞቃት ከተማ ኮት የሚለብስ ሰው ወይ ያልበዋል፣ ወይም ክፍሉ ለኮቱ ሲባል ይቀዘቅዛል። ማቀዝቀዣው ደግሞ ሙቀቱን አያጠፋውም፤ የራሱን ጨምሮ ወደ ውጭ ይተፋዋል። ሙቀቱን የሚቀበለው በመንገድ ዳር የሚነግደው ሰው ነው፤ በመብራት እጥረት ጨለማ የሚወርሰውም ብዙ ጊዜ የሹሙ ሰፈር አይደለም። የራስን ምቾት መሠዋት የሚመስለው ነገር የሌላውን ምቾት መውሰድ ሆኖ ያርፋል። ሙሉ ልብስ የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚሆነውም በዚህ የተነሳ ነው።

ባንግላዴሽ በመብራት እጥረት በተጨነቀችበት እ.ኤ.አ. በ2009 ጠቅላይ ሚኒስትር ሼክ ሐሲና ወንድ የመንግሥት ሠራተኞች በሞቃቱ ወራት ኮትና ከረባት እንዳያደርጉ፣ ማቀዝቀዣም ከ24 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ አዘዙ። ጃፓን ከዚያ ቀደም ብላ እ.ኤ.አ. በ2005 «ኩል ቢዝ» የተባለውን ዘመቻ ጀምራ ነበር፤ የበጋው የቢሮ ሙቀት 28 ዲግሪ እንዲሆን ተመከረ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኮይዙሚም ራሳቸው ያለ ከረባት ታዩ። የኮይዙሚ ምሳሌ ከመመሪያው ያላነሰ ክብደት ነበረው። በልማድ የጸና ምልክትን ተራ ሠራተኛ ብቻውን ሊሽረው አይችልም፤ ቀድሞ ኮቱን ያወለቀ እንደ ደፋር ይቆጠራልና። ጋንዲ እ.ኤ.አ. በ1931 ሽርጡንና ነጠላውን እንደለበሱ በንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ቤተ መንግሥት ተገኝተዋል፤ ነገር ግን ጋንዲ ከንጉሡ እንጀራ የሚለምኑ ሰው አልነበሩም። እንጀራው በአለቃው እጅ ያለበት ሠራተኛ ይህ ነጻነት የለውም። ስለዚህ ኃላፊነቱ የሚወድቀው ከላይ በተቀመጠው ላይ ነው፤ እርሱ ሳያወልቅ የበታቹን «እንደፈለግህ ልበስ» ማለቱ ፈቃድ አይሆንም።

የበላዩ ሥልጣንም ግን ወሰን ያስፈልገዋል። በዛየር ፕሬዝዳንት ሞቡቱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአውሮፓን ሙሉ ልብስ ከልክለው በምትኩ አባኮስት የተባለውን ከረባት የለሽ ኮት አስለበሱ። ቅኝ ግዛትን መቃወሙ እውነተኛ ምክንያት ነበረው፤ ሆኖም አንዱ ግዴታ በሌላ ግዴታ ተተካ እንጂ ለባሹ ምርጫ አላገኘም። የጃፓኑ መንገድ የተሻለ የሚሆነው ምልክቱን በማላላቱና አዲስ የደንብ ልብስ ባለመጫኑ ነው።

ይህ ሁሉ ከቢሮው በር ውጭ ለሚቆመው የጥበቃ ሠራተኛም ይሠራል። ወፍራም የደንብ ልብሱን የመረጠለት ሌላ ሰው ነው፣ ማቀዝቀዣም የለውም፤ እርሱን በተመለከተ የአሠሪው ግዴታ ከሁሉም ይበልጥ ይከብዳል።